አንድ ጆሮ፣ ሁለት አፍ

ጥቅምት 6

ለተወደድሽው ለሚጢጢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔና ባለቤቴ፣ እናትሽም ጭምር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። በሰው አገር መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ። ሰላምታው ይህን ያህል ይብቃንና ወደ ነገሬ ልግባ፤ ቸኩያለሁ።

አንድ ደንበኛ ሊያሠራው አምጥቶ ሳይመለስ የቀረውን ኮምፒውተር ታስታውሺዋለሽ? ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ከጠፋ ወዲህ ሱቁ ውስጥ እኔና እሱ ተፋጠን ነው የምንውለው። ከአንድ መምህር መጽሐፍ ተውሼ የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀምሬያለሁ። በስልሳ አራት ዓመቴ! ባለቤቴ "ጡረታ ውጣ ሲሉህ ተማሪ ቤት ገባህ" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

ትናንት ያየሁትን ግን ለማን ልንገረው? ለሰፈሩ ሰው ብነግረው እንደ እብድ ያየኛል። አንቺ ኮምፒውተር ላይ ስለምትሠሪ ይገባሻል። ሬዲዮ ላይ ማዳመጫ ሲሰካ ድምፅ ማጉያው ለምን ዝም እንደሚል ታውቂያለሽ? ቀዳዳው ውስጥ ጥፍር የምታህል የናስ ቅጠል አለች። ማዳመጫው ሲገባ ገፋ ያደርጋታል፤ ድምፁም በዚያ መሄዱን ትቶ በዚህ ይሄዳል። ሬዲዮው ራሱ ምንም አያውቅም። ዘፋኙማ ከየት ያውቃል? መዝፈኑን ይዘፍናል።

ፕሮግራምም እንዲሁ ነው! "ጻፍ" ስትዪው ስክሪን ላይ ይጽፋል፤ "ጠይቅ" ስትዪው ከኪቦርድ ይሰማል። እነዚህ ነገሮች እስከ ዛሬ የተበየዱ ይመስሉኝ ነበር። አልተበየዱም፣ የተሰኩ ናቸው! በአንዲት መስመር መውጫውን ከስክሪኑ ነቅለሽ ፋይል ላይ ትሰኪዋለሽ። ከዚያ በኋላ ሺህ ጊዜ "ጻፍ" ቢባል ሺሁም ፋይሉ ውስጥ ይገባል። መግቢያውንም እንደዚሁ ከኪቦርዱ ነቅለሽ ፋይል ላይ ትሰኪዋለሽ፤ ሰው የሚተይብለት እየመሰለው ከፋይሉ ይሰማል። ሲበቃሽ ሁሉንም ወደ ቦታው ትመልሺዋለሽ። ይህን ሳይ ከወንበሬ ተነስቼ ሱቁን ሁለቴ ዞርኩት። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ብዙ አይፈጅም፤ ግን ዞርኩት።

የመጽሐፉን ሁለተኛ ቅጽ እዚያ ካገኘሽው ላኪልኝ። ስለ ሥራሽም ዝርዝሩን ጻፊልኝ። ለእናትሽ የምትጽፊው ሁልጊዜ "ደህና ነኝ፣ ሥራ ጥሩ ነው" ነው። ለሷ ይበቃት ይሆናል፣ እኔን ግን አይበቃኝም።

ጋሼሽ

ጥቅምት 25

ለእናቴ የአክስት ልጅ፣ ለኔ ግን ከአባት ላላነሱት ለጋሼ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬስ ሰላም ናቸው? እኔ እዚህ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። "ሱቁን ሁለቴ ዞርኩት" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ።

ዝርዝሩን ጻፊ ስላሉኝ ልጻፍ። ለእማዬ ግን አንድ ቃል እንዳይነግሩብኝ፣ በሞቴ።

የምሠራው የዘር መመርመሪያ ውስጥ ነው። ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ዘሩ ይበቅል አይበቅል እንደሆነ እኛ እናየዋለን። ትሪ ላይ እርጥብ ወረቀት ይነጠፋል፣ መቶ ፍሬ በወረንጦ ይደረደርበታል፣ ሞቃቱ ክፍል ይገባል። ከሳምንት በኋላ አንድ መቁጠሪያ ማሽን የበቀለውን፣ ያልበቀለውንና የሻገተውን ይቆጥራል። ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ማሽኑ ቁጥሩን ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ እኛ ፋይሉን እያነበብን ወደ አንድ አሮጌ ፕሮግራም በእጃችን እንተይባለን። ፕሮግራሙ በየትሪው ሰባት ጥያቄ ይጠይቃል። ሁሉም ትሪ ገብቶ ሲያልቅ ያሰላና ውጤቱን በአንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ያወርደዋል። እሱን ደግሞ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እንገለብጣለን። በሁለት ኮምፒውተሮች መሃል ተላላኪ ሆኜ ነው የምውለው ማለት ነው።

ለምን አይስተካከልም ይሉኝ ይሆናል። የጻፈው ሰውዬ ከለቀቀ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ስሌቱ ተመርምሮ የጸደቀ ስለሆነ አንዲት ፊደል ከተነካች ሁሉም እንደገና ይመርመር ይባላል። ኃላፊያችን ገና የገባሁ ቀን "ማንበብ ትችያለሽ፣ መንካት አትችዪም" ብላኛለች።

አሁን ደግሞ የጭንቀቴን። እኔ ገና በሙከራ ላይ ነኝ፤ ሙከራው የካቲት 30 ያበቃል። በዚያው ቀን የዘንድሮው ዘጠኝ መቶ ትሪ ውጤት መሰጠት አለበት። የመጨረሻዎቹ ትሪዎች ከሞቃቱ ክፍል የሚወጡት የካቲት 20 ነው፤ ያለችኝ አሥር ቀን ብቻ ናት። አብራኝ ትተይብ የነበረችው ልጅ ባለፈው ወር ሥራ ለቃለች። ካላደረስኩ እሰናበታለሁ፤ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮት ይሄዳል።

ጋሼ፣ ያ የነገሩኝ ነገር ፕሮግራሙን ሳይነኩ ይቻላል?

ሚጢጢ

ኅዳር 7

ለጎበዟ ልጄ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ይቻላል ወይ ትይኛለሽ? የተፈጠረው ለዚሁ ነው እንጂ! አሮጌውን ማን ይነካዋል? አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ከውጭ ትጽፊያለሽ። እሷ መጀመሪያ መውጫውን ከስክሪኑ ነቅላ ፋይል ላይ ትሰካለች፤ ቀጥላ አሮጌውን "በል ሥራህን ጀምር" ትለዋለች፤ ሲጨርስ መውጫውን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። አሮጌው እንደ ሬዲዮው ነው፣ ምንም አያውቅም። ኃላፊሽ በአጉሊ መነጽር ብታየው የተነካ ፊደል አታገኝም።

መስመሮቹን በሌላ ወረቀት ጽፌ አብሬ አድርጌልሻለሁ። ወረቀቱ ባለ ካሬ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ቋንቋ ባዶ ቦታም ሕግ ነው፤ አንዷ ከጎደለች አሻፈረኝ ይላል። ስለዚህ በአንድ ካሬ አንድ ፊደል ነው የጻፍኩት፤ ባዶ ካሬ ስታገኚ ባዶ ቦታ ተዪ። ስልክ ደውዬ ያልነገርኩሽም ለዚህ ነው። ባዶ ቦታ በስልክ እንዴት ይነገራል?

መጀመሪያ አፉን፣ ማለትም መውጫውን፣ ብቻ አዙረን እንየው። ጆሮውን፣ መግቢያውን ማለቴ ነው፣ በኋላ እንደርስበታለን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእጅ ጽሑፍሽ ተለውጧል። ድሮ ፊደልሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ይል ነበር፣ አሁን ወደ ግራ ተኝቷል። እጅሽ ደህና ነው? ባለቤቴ "ጠረጴዛው ጠቧት ይሆናል" ትላለች። እኔ ግን አርባ ዓመት ብልሽት ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጋሼሽ

ታኅሣሥ 3

ለውድ ጋሼ፤

እንደምን ከረሙ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ ስላላወቅኩ ነው። አሁን ግን እያሳቀኝ መጥቷል፣ ልንገርዎ።

ወረቀትዎን ካሬ በካሬ ቆጥሬ ተየብኩት። ለሙከራ የሚሆኑ ሦስት ትሪዎች አዘጋጀሁና አስነሳሁት። ስክሪኑ ጭጭ አለ። "እሰይ! ሁሉም ወደ ፋይሉ እየገባ ነው" ብዬ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ኃላፊዋ በዚያ ስታልፍ "ምን እየሠራሽ ነው?" አለችኝ። "እየሠራልኝ ነው" አልኳት፣ ኩራቴን ቢያዩት! ሁለት ሰዓት ሲሞላ ተመልሳ መጣች። አሁን አጠገቤ ቆማ ባዶውን ስክሪን አየችው። ቀልቤ ተገፈፈ። ፋይሉን ከፈትኩት። ውስጡ ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ "የትሪ ቁጥር?"

ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እየጠየቀኝ ነበር! ጥያቄውን እኔ በማላይበት ፋይል ውስጥ ጽፎ መልሱን ከኪቦርድ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ እሱን እጠብቃለሁ። እንዲህ ስንጠባበቅ ዋልን።

ኃላፊዋ "በሥራ ሰዓት እንዲህ ያለ ጨዋታ አልፈልግም" አለችኝ። ለምኜያት አንድ ጊዜ ብቻ እንድሞክር ፈቅዳልኛለች፣ ያውም በምሳ ሰዓቴ። ይኸኛውም ከከሸፈ ሁሉንም በእጅ ነው ብላኛለች። በእጅ ደግሞ አልችልም ጋሼ። ጊዜው አይበቃኝም ማለቴ ነው።

የመጽሐፉን ሁለተኛ ቅጽ እየፈለግኩልዎ ነው። ለእትዬ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ሚጢጢ

ታኅሣሥ 15

ለልጄ ለሚጢጢ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሌላ የማንም አይደለም። አፉን አዙሬ ጆሮውን እዚያው ትቼው! አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው ማዳመጫ ሰክቶ "ድምፁ የት ጠፋ" ብሎ ሰው ሲያስቀምጥ አስቢው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እስኪያስላት ሳቀች፤ ከዚያ ውሃ እየጠጣች "ምስኪን ልጅ" አለች።

አሁን ጆሮውን እንኪ። መቁጠሪያው ማሽን ከሚያስቀምጠው ፋይል ላይ ሰባቱን መልሶች ፕሮግራሙ በሚጠይቅበት ተራ በአንድ መስመር አንድ እያደረግሽ አሰልፊያቸው። የምታሰልፍልሽን ፕሮግራምም ጽፌያለሁ፣ ሦስተኛው ካሬ ወረቀት ላይ ናት። ከዚያ መግቢያውን ወደዚያ ፋይል፣ መውጫውን ወደ ሌላ ፋይል። ሁለቱን አንድ ፋይል እንዳታደርጊያቸው አደራ! እኔ አድርጌው የሦስት ቀን ሥራዬን ድራሹን አጥፍቼዋለሁ። ለመጻፍ ሲከፍተው መጀመሪያ ባዶ ያደርገዋል ለካ።

ሌላ ደግሞ ስሚ። ምዕራፉን ስጨርስ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ፕሮግራም አንድ ጆሮና ሁለት አፍ አለው! አንዱ አፍ ውጤት የሚናገርበት ነው። ሁለተኛው ቅሬታ ብቻ ነው የሚናገርበት። የመጀመሪያውን ወደ ፋይል ብታዞሪውም ሁለተኛው አብሮ አይዞርም፤ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይጮሃል። ቅሬታው ከውጤቱ ጋር ተደባልቆ እንዳይጠፋ አስቦ እንዲህ ያደረገው ሰው ይባረክ! ሁለተኛውንም ማዞር ይቻላል። የትም ወደማይደርስ ቦታ ልኮ ጭራሽ ዝም ማሰኘትም ይቻላል። እንዳታደርጊው።

እና ሚጢጢ፣ አንቺ ሁለተኛውን አፍሽን ወዴት ነው ያዞርሽው? ስለ እጅሽ ብጠይቅሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽ። ይኸኛው ደብዳቤሽ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ ተንጋዷል። መጽሐፉን ተዪው፣ አልፈልገውም። የእጅሽን ነገር ብቻ ጻፊልኝ።

ጋሼሽ

ጥር 5

ለጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤

ሠራ! ሠራ! ሠራ! ሰላምታዬን ሳላስቀድም ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ።

የምሳ ሰዓት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ እኔና ትሪዎቹ ብቻ ነን። ሦስት ትሪ፣ ሃያ አንድ መልስ። አስነሳሁት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ስገልጠው አልቋል። ፕሮግራሙን ዘግቼ ፋይሉን ስከፍተው ሦስቱም ውጤት ቁጭ ብሏል። በእጅ ከሠራሁት ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየሁት፣ አንድ ነው! በደስታ ጮቤ ስረግጥ የትሪ ጋሪውን ገጭቼ ልገለብጠው ነበር። ኃላፊዋ አየችውና "እስቲ እንግዲህ" አለች። ከሷ አፍ ይህ ብዙ ነው። ዘጠኝ መቶውን በዚህ መንገድ እንድሠራ ፈቅዳልኛለች፤ አንድ ትሪ ቢጎድል ግን ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

የእጄን ነገር አጥብቀው ስለጠየቁኝ እነሆ። ነሐሴ ላይ የትሪ መደርደሪያ ስገፋ የቀኝ እጄ አንጓ ቋ አለ። ያልፋል ብዬ ዝም አልኩ። አላለፈም። አሁን ጣቶቼ እስክሪብቶ አይጨብጡም፣ ኪቦርድ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆዩም። በጋውኑ እጅጌ ውስጥ ፋሻ አስሬ ነው የምሠራው። ዘሩን በግራ እጄ እደረድራለሁ፣ ለእርስዎም በግራ እጄ ነው የምጽፈው። በሙከራ ላይ ያለ ሰው "እጄን አመመኝ" ካለ የሚሆነውን አይቻለሁ፤ ከኔ በፊት የነበረውን ሲያሰናብቱት አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው የሆዴን በሆዴ ይዤ የቆየሁት። ለእርስዎ መናገሬ አሁን ትንሽ ቀለል አደረገኝ።

ለእማዬ ግን አደራ፣ አደራ።

ሚጢጢ

ጥር 17

ለልጄ፤

ፈጣሪ እጅሽን ይማርልሽ። "ሠራ" የሚለውን ሳነብ ሱቁን አራቴ ዞርኩት፤ ወደ ታች ወርጄ የእጅሽን ሳነብ ደግሞ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አነበበችውና ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ እናትሽ ጋ ሄጄ ነበር። "ልጄ እንዴት ናት?" አለችኝ። "ደህና ናት" አልኩና ሳል ያዘኝ። ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ ሳልኩ። "ይህን ሳልህን ታየው" ብላ ማር በሎሚ በጥብጣ አጠጣችኝ። ውሸት ሆዴ ውስጥ እያለ ማሩ አልወርድ አለኝ። የኔ ልጅ፣ የሰው ሚስጥር እጠብቃለሁ፤ ግን እስከ መቼ እንደምስል አላውቅም።

ጋሼሽ

የካቲት 22

ለውድ ጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎና ለእትዬ። ጉድ ፈልቶብኛል።

ትናንት ዘጠኝ መቶውንም አስነሳሁት። ስድስት ሺህ ሦስት መቶ መልስ! ሁለት ሰው አሥር ቀን የሚተይበው በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ባዶው ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ብቻ ብቅ አለች፦ "ትሪ 412፦ የበቀለው ከተዘራው ይበልጣል።" ሁለተኛው አፍ ነው! እንዳሉኝ ጮኸ! ሄጄ ትሪውን አወጣሁትና ፍሬውን ቆጠርኩት፤ መቶ ሦስት ነው። በግራ እጄ ስደረድር ተሳስቻለሁ። የኔው ጥፋት ነው።

ይህንስ አስተካክለዋለሁ። ሌላው ግን የባሰ ነው። የውጤቱን ፋይል ስከፍተው ስምንት መቶ ሰባ አራት ትሪ ብቻ ነው ያለው። መጨረሻው መስመር ግማሹ ላይ ተቆርጧል። ሃያ ስድስቱ የት ገቡ? ቅሬታ የለ፣ ምልክት የለ። ሥራው እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ የፕሮግራሙን መስኮት እንኳ አልዘጋሁትም፤ ክፍት አድርጌው ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

የሱቁ ስልክ አይነሳም። እማዬ ጋ እንዳልደውል ነገሩ ሁሉ ይወጣል። ስምንት ቀን ነው የቀረኝ፤ ደብዳቤ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል። ይህ ሲደርስዎ ወይ ተርፌያለሁ ወይ ሻንጣዬን እያሰርኩ ነው። እያወቅኩ የምጽፍልዎ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ሚጢጢ

የካቲት 23፣ በፈጣን ፖስታ

ሚጢጢ!

ሰላምታው ይቆየን። ዘጠኝ መቶውን ከማስነሳትሽ በፊት ይህ ቢደርስሽ ምን አለ! ለመንገድ ሲቆፍሩ የስልኩን መስመር ከበጠሱት ሁለት ሳምንት ሆነው፣ እንጂ ሮጬ እደውልልሽ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሁለት መቶ የውሸት ትሪ ሠርቼ ሞከርኩትና መጨረሻዎቹ ጠፉ። አብጄ ልሞት ነበር። ለካ ፋይሉ መዘጋት አለበት! መውጫውን ወደ ስክሪኑ መመለስ ብቻውን አይበቃም፤ "ጨርሰናል" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ሬዲዮ ላይ ማዳመጫውን ነቅለሽ መሄድ ነው፣ የሚዘጋ ነገር የለም። ያንን ለምጄ አንዷን መስመር ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። አንቺ ሦስቱን ትሪ ስትሞክሪ ፕሮግራሙን ዘግተሽው ስለነበር ራሱ አብሮ ዘጋው፤ ብልሽቱ በዚያ ተደበቀብን። መስመሯ ከዚህ ጋር ካሬ ወረቀት ላይ ናት። አሥራ ሁለት ካሬ ናት፣ ይኸው ነው።

ልጄ፣ በኔ ስህተት ሥራሽን ብታጪ ራሴን ይቅር አልልም። ቶሎ ጻፊልኝ።

ጋሼሽ

መጋቢት 5

ለጋሼ፣ ለባለ ሬዲዮው፣ ለአስተማሪዬ፤

እንኳን ደህና ቆዩኝ! ፈጣን ፖስታዎ ፈጣንነቱ በስም ብቻ ሆኖ እንደ ተራው በአሥራ አንድ ቀኑ ትናንት ደረሰኝ። ሙከራዬ ካበቃ አራተኛ ቀኑ ነበር። አይደንግጡ፣ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

የካቲት 23 ጠዋት መስኮቱ እንደተከፈተ አገኘሁት። "እስቲ በአሥር ትሪ ብቻ ልየው" ብዬ ሌላ ፋይል ላይ ሞከርኩ። ጥያቄዎቹ በሙሉ ገብተዋል፤ ከውጤቱ ግን አንድም የለም። በመቶ ትሪ ሞከርኩ፤ ከፊሉ አለ፣ ጅራቱ የለም። እንግዲያው ጥፋቱ የሃያ ስድስቱ ትሪዎች አይደለም። ወንበሬ ላይ ሆኜ ሳስብ በበሩ በኩል የትሪ ጋሪዬን አየኋት። እኔ ራሴ አንድ ትሪ ይዤ ሞቃቱ ክፍል እሄዳለሁ? አልሄድም፤ ጋሪው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ጋሼ፣ ፕሮግራሙም ጋሪ አለው! ሲሞላ ይወስዳል፣ ካልሞላ ቆሞ ይጠብቃል። የመጨረሻው ጋሪ አልሞላም፣ ሂድ ያለውም የለም። "ባይሞላም ሂድ" የሚባለውን ፈለግኩት። እነዚያው አሥራ ሁለት ካሬዎች ናቸው! ወረቀትዎ ሳይደርሰኝ እኔም እዚህ ጻፍኳቸው። ተየብኳቸው፣ ደግሜ አስነሳሁት፣ ዘጠኝ መቶ። ዘጠኝ መቶ ጋሼ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጣቴ እየተከተልኩ ቆጠርኩት።

ከዚያ በፊት ግን 412 ነበረች። መደበቅ እችል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ቅሬታ በብዙ መስመሮች መሃል ሽው ብሎ ሲያልፍ ማንም አይቶት አያውቅም፤ ቢቀር ማን ይጠይቀኛል? ግን ብቻውን ባዶ ስክሪን ላይ ቆሞ ካየሁት በኋላ አልቻልኩም። ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ።

"አንድ ትሪ ላይ መቶ ሦስት ፍሬ ደርድሬያለሁ" አልኳት።

"እንዴት? አንቺ እኮ አትሳሳቺም።"

እጅጌዬን ሰብስቤ ፋሻውን አሳየኋት። ከነሐሴ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። እጄን ይዛ አገላብጣ አየችው።

"ዘጠኝ መቶውን በዚህ እጅ ነው የደረደርሽው?"

"በግራው።"

"ያንንስ ማዞሪያ ማን አስተማረሽ?"

"ሬዲዮ የሚጠግን ጋሼ አለኝ። በካሬ ወረቀት እየጻፈ ይልክልኛል።"

"412ን ዛሬውኑ እንደገና ዝሪው፣ በሳምንቱ ይደርሳል" አለች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና መቶዋን ፍሬ እኔ በግራ እጄ፣ እሷ በቀኝ እጇ ደረደርናት። የካቲት 30 ጠዋት ትሪዋ ወጣች፤ ዘጠና አንድ በቅሏል። ፕሮግራሙን ለመጨረሻ ጊዜ አስነሳሁት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቅሬታ አልወጣም።

ጋሼ፣ ቋሚ ሆኛለሁ! ፈርማልኛለች! ከሰኞ ጀምሮ ለእጄ ሐኪም አለኝ፣ የሁለት ወር ዕረፍትም ተሰጥቶኛል። የላኩልኝን ካሬ ወረቀቶች ኃላፊዋ ተቀብላኝ ግድግዳው ላይ ለጥፋቸዋለች፤ ዳር ዳሩን የጻፉትን አማርኛ የሚያነብ ሰው እዚህ የለም፣ ግን ሁሉም ቆሞ ያያቸዋል።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ለእማዬም ዛሬ ጻፍኩላት፤ እውነቱን። ሙከራውን፣ ፈቃዱን፣ እጄን፣ እርስዎን ያሳልኩበትን ሁሉ። እንዳትደነግጥ ስታነበው እርስዎ አጠገቧ ይሁኑልኝ።

ልጅዎ ሚጢጢ

መጋቢት 17

ለልጄ፣ ለቋሚዋ ሠራተኛ፤

ደስታሽን ያሰንብትልሽ! ሱቁን ስንት ጊዜ እንደዞርኩት አልነግርሽም። ባለቤቴ እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ስላወጣችው፣ የዘር ትሪ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። ያቺን አሥራ ሁለት ካሬ ሁለታችንም በየፊናችን መጻፋችንን ሳስብ ደግሞ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እስቃለሁ።

እናትሽ ጋ እንዳልሽኝ ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ እኔ በሩ አጠገብ። ቀስ ብላ ነው ያነበበችው። እኔ ቶሎ ላስረዳት ብዬ ከነሐሴ ልጀምርላት ስል እጇን አንስታ ዝም አሰኘችኝ። የሙከራውን አለፈችው፣ የፈቃዱን አለፈችው፣ ቋሚ መሆንሽ ላይ ስትደርስ ፊቷ በራ። ከዚያ ወደ እጅሽ ተመልሳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አሁን ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አየችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦

"ይህን ሁሉ ወር ፀጉሯን ማን ሲያበጥርላት ነበር?"

ሚጢጢ፣ ይህን ያህል ወረቀት ስንጻጻፍ እኔ አልጠየቅኩሽም። ጻፊላት።

ጋሼሽ